መነጽሩ ያልፋል፣ ጂሙ አያልፍም

በ1962 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ለአይ አር ኤስ፣ ያልተለመደ ጥያቄ ቀረበለት። የአንድ ልጅ የላይኛውና የታችኛው ጥርሶች አይገጥሙም። የጥርስ ሐኪሙ ክላርኔት መንፋት ችግሩን ሊያቃልል ይችላል ብሎ መከረ። ክላርኔቱ ተገዛ፤ የሙዚቃ ትምህርቱም ተጀመረ። ታዲያ ለሙዚቃ መሣሪያና ለሙዚቃ ትምህርት የወጣ ገንዘብ የሕክምና ወጪ ሊባል ይችላል? መሥሪያ ቤቱ ይችላል ብሎ ወሰነ፤ ውሳኔውም በ62-210 ቁጥር ተመዘገበ።

ውሳኔው ለሙዚቃ ወዳጆች የተሰጠ ችሮታ አልነበረም። ያው ክላርኔት፣ በዚያው ዋጋ፣ ጥርሱ ጤነኛ ለሆነ የጎረቤት ልጅ ቢገዛ ኖሮ ከመዝናኛ ወጪ አያልፍም ነበር። ዕቃው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው የተገዛበት ምክንያት ላይ ነው። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሜሪካውያን፣ ከእነሱም መካከል በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በቴክሳስ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን፣ በመሥሪያ ቤታቸው በኩል የከፈቱት የጤና ቁጠባ ሂሳብ፣ በተለምዶ አጠራሩ ኤች ኤስ ኤ፣ የሚመራው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ከሂሳቡ ምን ሊከፈል ይችላል ለሚለው ጥያቄ ሕጉ አዲስ ዝርዝር አላወጣም። ከ1942 ጀምሮ በግብር ሕግ ውስጥ ወደኖረው የሕክምና ትርጉም መራው እንጂ። በዚያ ትርጉም መሠረት ሕክምና ማለት በሽታን ለመመርመር፣ ለመፈወስ፣ ለማስታገስ፣ ለማከም ወይም ለመከላከል፣ አለዚያም የአካልን አሠራር ወይም ቅርጽ ለማስተካከል የሚከፈል ነገር ነው። ለጤና የሚጠቅም ነገር ሁሉ በዚህ ውስጥ አይገባም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ኤች ኤስ ኤን የወለደው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ በታኅሣሥ 2003 የፈረሙት የሜዲኬር ማሻሻያ ሕግ ነው። ሂሳቦቹ ከጥር 2004 ጀምሮ መከፈት ቻሉ። ከዚያ በፊት በ1996 የተጀመረና በቴክሳሱ የምክር ቤት አባል በቢል አርቸር ስም የሚጠራ ጠበብ ያለ ሙከራ ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ወርሃዊ ክፍያው አነስ ያለ፣ ዲዳክቲብሉ ግን ከፍ ያለ ኢንሹራንስ የገባ ሰው፣ ኢንሹራንሱ መክፈል እስኪጀምር ድረስ ከኪሱ የሚያወጣውን ገንዘብ፣ ማለትም ዲዳክቲብሉን፣ ከግብር ነፃ በሆነ ሂሳብ ያጠራቅም። በ2026 አንድን ሰው ለዚህ ብቁ የሚያደርገው የኢንሹራንስ ዲዳክቲብል በመደበኛነት ለግለሰብ ቢያንስ 1,700 ዶላር፣ ለቤተሰብ ቢያንስ 3,400 ዶላር መሆን አለበት። ወደ ሂሳቡ ማስገባት የሚቻለው ደግሞ በዓመት እስከ 4,400 ዶላር ለግለሰብ፣ እስከ 8,750 ዶላር ለቤተሰብ ነው። ዕድሜው 55 የሞላ ሰው 1,000 ዶላር ሊጨምር ይችላል።

ጥቅሙ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ገንዘቡ ሲገባ ግብር አይከፈልበትም፤ ሂሳቡ ውስጥ ተቀምጦ ወይም ኢንቨስት ተደርጎ ሲያድግ አይከፈልበትም፤ ለሕክምና ሲወጣም አይከፈልበትም። በአሜሪካ ግብር ሕግ ውስጥ ሦስቱንም በሮች አንድ ላይ የሚከፍት ሌላ ሂሳብ ማግኘት ይቸግራል። ዓመቱ ሲያልቅ በአብዛኛው ከሚቃጠለው ኤፍ ኤስ ኤ ከተባለው ዘመዱ በተለየም፣ የኤች ኤስ ኤ ገንዘብ የባለቤቱ ነው፤ ሥራ ሲቀይር አብሮት ይሄዳል። የፌደራል ግብሩ መጠን 22 በመቶ የሆነ ሠራተኛ በአሠሪው በኩል ባጠራቀመው የኤች ኤስ ኤ ገንዘብ የ1,000 ዶላር መነጽርና የጥርስ ሥራ ቢከፍል፣ ከደመወዝ የሚቆረጠው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ሲደመርበት፣ ወደ 300 ዶላር ገደማ ይተርፈዋል።

ነገር ግን የዚህ ሂሳብ አሠራር አንድ የሚያዘናጋ ጠባይ አለው። ካርዱ እንደማንኛውም ዴቢት ካርድ ስለሆነ ፋርማሲም ይሠራል፣ የጥርስ ሐኪም ዘንድም ይሠራል። ሂሳቡን የያዘው ባንክ ወጪው ትክክለኛ መሆን አለመሆኑን የማጣራት ግዴታ የለበትም። በጥር ወር በዓመቱ ውስጥ ስንት እንደወጣ የሚገልጽ ቅጽ 1099-ኤስኤ ይልካል፤ ስለ ምንነቱ አይጠይቅም። ፎርም 8889 ላይ “ይህን ያህሉ ለሕክምና ነው” ብሎ የሚፈርመው ባለቤቱ ራሱ ነው። ከዓመታት በኋላ አይ አር ኤስ ማስረጃ ቢጠይቅ የሚመልሰውም እሱ ነው። ወጪው ሕክምና ሳይሆን ከቀረ፣ ገንዘቡ እንደ ተራ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ይጣልበታል፤ በላዩ ላይ 20 በመቶ ቅጣት ይጨመራል። ቅጣቱ ከ2011 በፊት 10 በመቶ ነበር። ያ 22 በመቶ የሚከፍለው ሠራተኛ 1,000 ዶላር የጂም አባልነት በኤች ኤስ ኤ ካርዱ ቢከፍል፣ 220 ዶላር ግብርና 200 ዶላር ቅጣት በድምሩ 420 ዶላር ዕዳ ይጠብቀዋል። ዕድሜው 65 ከሞላ ወይም አካል ጉዳተኛ ከሆነ ቅጣቱ ይቀርና ግብሩ ብቻ ይቀራል።

አብዛኛው ወጪ ግን ክርክር የለበትም። የሐኪም ክፍያ፣ በየቀጠሮው የሚከፈለው ኮፔይ፣ ላቦራቶሪ፣ ራጅና ኤም አር አይ፣ ሆስፒታል መተኛት፣ ቀዶ ሕክምና፣ አምቡላንስ፣ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት፣ የስኳር በሽተኛ የሚጠቀምበት ኢንሱሊንና የደም ስኳር መለኪያ፣ የአእምሮ ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የሱስ ሕክምና፣ አኩፓንቸር፣ የጀርባ አጥንት የሚያስተካክለው ካይሮፕራክተር፣ ዊልቸር፣ ክራንች፤ ሁሉም ያልፋሉ። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የወሊድ ዝግጅት ትምህርትና የጡት ወተት ማለቢያ ፓምፕም እንዲሁ። ዳይፐር፣ የእርጉዝ ልብስና የሕፃን ጠባቂ ክፍያ ግን አይገቡም።

ሰዎች ብዙ ገንዘብ ሳያውቁ የሚያጡት ኢንሹራንሳቸው የማይሸፍነውን ነገር ኤች ኤስ ኤም አይሸፍነውም ብለው ሲገምቱ ነው። ሁለቱ አይገናኙም። የጤና ኢንሹራንሱ ስለ ጥርስ አንድ ቃል ባይናገርም፣ ጥርስ ማስሞላት፣ ማስነቀል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ መትከል፣ የልጆች ጥርስ ማስተካከያ ብሬስ በሙሉ ከሂሳቡ ሊከፈሉ ይችላሉ። የዓይን ምርመራ፣ የእይታ መነጽር፣ ኮንታክት ሌንስና ማጠቢያ ፈሳሹ፣ የመስማት አጋዥ መሣሪያና ባትሪው ሳይቀር ይቆጠራሉ። ወደ ሐኪም የሚደረግ ጉዞም ወጪ ነው፦ የአውቶቡስ፣ የባቡር፣ የታክሲ ሂሳብ፣ የመኪና ማቆሚያና የመንገድ ክፍያ። በራሱ መኪና የሄደ ሰው በ2025 ለአንድ ማይል 21 ሳንቲም ማስላት ይችላል። ለኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ሰው ይህን ቢመዘግብ በዓመቱ መጨረሻ የሚያገኘው ድምር ቀላል አይደለም። ለሕክምና ሌላ ከተማ ማደር ካስፈለገ ደግሞ ማረፊያው ለአንድ ሰው በሌሊት እስከ 50 ዶላር ይያዛል። ልጁን ይዞ የሄደ ወላጅ የራሱን 50 ዶላር መጨመር ይችላል፤ ምግብ ግን ከዚህ ውጭ ነው።

ቤት ላይ የሚሠራ ማሻሻያ ሳይቀር የሚቆጠርበት አጋጣሚ አለ። የዊልቸር መውጫ መወጣጫ፣ የመታጠቢያ ቤት መደገፊያ ብረት፣ የተስፋፋ በር የቤቱን ዋጋ ብዙውን ጊዜ ስለማይጨምሩ ሙሉ ወጪያቸው ሕክምና ይሆናል። የቤቱን ዋጋ የሚጨምር ሥራ ሲሆን ግን ጭማሪው ይቀነሳል። አይ አር ኤስ ራሱ በመመሪያው የሚሰጠው ምሳሌ የልብ ሕመምተኛ ሰው በሐኪም ምክር ቤቱ ውስጥ ያስገባው ሊፍት ነው፦ ሊፍቱ 8,000 ዶላር ፈጀ፣ የቤቱን ዋጋ በ4,400 ዶላር ከፍ አደረገ፤ እንግዲህ የሕክምና ወጪ የሚባለው ቀሪው 3,600 ዶላር ብቻ ነው።

ወደ ድንበሩ ስንጠጋ መልክና ጤና ይጋጫሉ። ኮንግረስ በ1990 መልክን ለማሳመር ብቻ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናን ከሕክምና ወጪ አስወጣው። ሦስት በሮችን ብቻ ክፍት ተወ፦ አብሮ የተወለደ የአካል ጉድለት፣ በአደጋ የደረሰ ጉዳት፣ አካልን የሚያበላሽ በሽታ። በ2003 አይ አር ኤስ በአንድ ውሳኔ ሦስት ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዷ በካንሰር ምክንያት ጡቷ ተቆርጦ መልሶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና አደረገች፤ ወጪው ተቀባይነት አገኘ። ሁለተኛው እይታውን በሌዘር አስተካከለ፤ እሱም አገኘ፣ መነጽር ቢኖርም እንኳ ሌዘሩ የዓይንን አሠራር ያስተካክላልና። ሦስተኛው በዕድሜ የወየበ ጥርሱን አስነጣ፤ ለእሱ አይሆንም ተባለ። የጥርስ መወየብ በሽታ አይደለም። ፀጉር ተከላ፣ የፊት መጨማደድን የሚያቀና መርፌ፣ ስብ ማስመጠጥ ከዚህኛው ወገን ናቸው። በኬሞቴራፒ ፀጉሯ ለረገፈ ሴት ግን በሐኪም ምክር የተገዛ ዊግ ሕክምና ነው።

ከሁሉ የሚያወዛግበው ምግብና እንቅስቃሴ ነው። ማንም ሰው አትክልት መብላትና መራመድ ለጤናው እንደሚበጅ ያውቃል፤ ሕጉ ግን ለማንኛውም ሰው የሚበጅን ነገር እንደ ግል ወጪ ነው የሚያየው። የጂም አባልነት፣ የዋና ትምህርት፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቫይታሚን፣ የዕፅዋት ጭማቂ በጥቅሉ አያልፉም። የጤፍ እንጀራም ሆነ ጥቁር አዝሙድ ምንም ያህል ቢመሰገን ምግብ ምግብ ነው። ሁኔታው የሚለወጠው ሐኪም በመረመረው አንድ በሽታ ምክንያት አንድን ነገር እንደ ሕክምና ሲያዝ ነው። ለደም ማነስ የታዘዘ ብረት፣ ለውፍረት ወይም ለደም ግፊት የታዘዘ የክብደት መቀነሻ ፕሮግራም ያልፋል። በነገራችን ላይ የክብደት መቀነሻ ፕሮግራም ተቀባይነት ያገኘው ውፍረት ራሱ በሽታ ነው ተብሎ በታወቀበት በ2002 ውሳኔ ነው፤ ከሲጋራ ማቆሚያ ፕሮግራም ላይ ክልከላው የተነሳውም በ1999 ነው። የሕክምናው እውቀት ሲያድግ ግብሩም ቀስ እያለ ይከተላል። ልዩ ምግብን በተመለከተ ግን መስፈርቱ ጠንካራ ነው፦ ምግቡ የተለመደውን የምግብ ፍላጎት የሚያሟላ መሆን የለበትም፣ በሽታውን ማከም አለበት፣ ሐኪምም ማረጋገጥ አለበት።

ይህን ክፍተት ያዩ ኩባንያዎች ብቅ ብለዋል። በማስታወቂያቸው “የምትበላውን በኤች ኤስ ኤ ክፈል” ይላሉ፤ ደንበኛው በኢንተርኔት አጭር መጠይቅ ይሞላል፣ አንድም ቀን አይቶት የማያውቅ ሐኪም ደብዳቤ ይልክለታል። አይ አር ኤስ በመጋቢት 2024 ስለ እንዲህ ያለው አሠራር ግልጽ ማስጠንቀቂያ አወጣ። የሰጠውም ምሳሌ ምግቡን እያስተካከለ የደም ስኳሩን ለመቆጣጠር የሚጥር የስኳር ሕመምተኛ ነው፦ ማስታወቂያ አይቶ በክፍያ ደብዳቤ ያገኛል፣ ጥያቄው ግን ውድቅ ይሆንበታል፤ ደብዳቤ ስላለ ብቻ ምግብ ሕክምና አይሆንምና። የሚያሳዝነው በእንዲህ ያለው ነገር የሚታለሉት በእርግጥ የታመሙና ጤናቸውን ለማስተካከል የሚጥሩ ሰዎች መሆናቸው ነው። የራሱ ሐኪም ካርዱን አይቶ፣ በሽታውን በስም ጠርቶ፣ የታዘዘውን ነገርና የሚያስፈልግበትን ጊዜ ጽፎ የሰጠው ደብዳቤ ግን ትልቅ ዋጋ አለው። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ መጠየቅ ሐኪምን ማስቸገር አይደለም፤ በአሜሪካ ክሊኒኮች የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመደርደሪያ የሚነሱ መድኃኒቶች ታሪክ ደግሞ ወደፊትና ወደኋላ ሲል የኖረ ነው። ሂሳቡ ሲጀመር አስፕሪንና የጉንፋን መድኃኒት ይፈቀድ ነበር። የኦባማ የጤና ሕግ ከ2011 ጀምሮ የሐኪም ትእዛዝ ካልተያዘ በቀር አይሆንም አለ። ለዘጠኝ ዓመት ያህል ለራስ ምታት ክኒን ወረቀት ማጻፍ ግድ ሆነ። የኮቪድ ወረርሽኝ ሲመጣ በመጋቢት 2020 የወጣው ኬርስ የተባለው ሕግ ይህን ሻረው። በዚያው ሕግ ሞዴስ፣ ታምፖንና ሌሎች የወር አበባ መጠበቂያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሕክምና ወጪ ተቆጠሩ። ግማሹ የሰው ዘር በየወሩ የሚያወጣውን ወጪ ለመቁጠር 16 ዓመት መፍጀቱ የሕግ አውጪዎቹ ትኩረት የት እንደነበረ ያሳያል። በ2021 ከኮቪድ ለመከላከል የተገዛ ማስክና የእጅ ሳኒታይዘር ተጨመረ፤ በ2024 ደግሞ ኮንዶም ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደሚያልፍ ተረጋገጠ። ማሪዋና ግን ግዛቱ ቢፈቅደው፣ ሐኪም ቢጽፈውም አይከፈልበትም፤ በፌደራል ሕግ ክልክል ነውና።

እስካሁን የተነገረው ስለ ምንነቱ ነው። “የማን ወጪ?” የሚለው ጥያቄ ለስደተኛ ቤተሰብ ከዚያ የበለጠ ይከብዳል። ሂሳቡ ለባለቤቱ፣ ለትዳር ጓደኛውና ለጥገኞቹ ሕክምና ይውላል። እነዚህ ሰዎች በእሱ ኢንሹራንስ ውስጥ መግባታቸው ግዴታ አይደለም። ባል በመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ ብቻውን ቢገባና ሚስት በራሷ መሥሪያ ቤት ቢኖራት፣ የእሷን የጥርስ ሂሳብ ከእሱ ኤች ኤስ ኤ መክፈል ይቻላል። ሕጉ ለትዳር ጓደኛ የመኖሪያ አገርም ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም። ተጋብተው ቪዛ እየጠበቀች አዲስ አበባ ያለች ሚስት ለወሊድ ክትትል የከፈለችው፣ ደረሰኙ እስካለ ድረስ፣ ከባሏ ሂሳብ ሊተካ ይችላል።

ወላጆች ላይ ሲደርስ ድንበሩ ይመጣል። ጥገኛ ለመባል ሰውየው የአሜሪካ ዜጋ ወይም የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት። ደሴ ወይም ጎንደር ያለች እናት፣ ልጇ በየወሩ የምትልክላት ገንዘብ ብቸኛ መተዳደሪያዋ ቢሆንም፣ በዚህ ሕግ ጥገኛ አይደለችም። ለእናቷ የልብ ቀዶ ሕክምና የላከችው ገንዘብም ሆነ እዚህ ገዝታ የላከችው የደም ግፊት መድኃኒት ከኤች ኤስ ኤ ሊወጣ አይችልም። በቱሪስት ቪዛ ለሦስት ሳምንት ልጇን ልትጠይቅ የመጣች እናት ድንገት ሆስፒታል ብትገባም ያው ነው። ይህ ደንብ ለኢትዮጵያዊ ልጅ ህሊና የማይዋጥ ነው፤ ገንዘቡን የሚበላው ሕመም እዚያ ሆኖ ሳለ የግብር እፎይታው ባሕር አይሻገርም። ሳያውቁ ከካርዱ አውጥቶ መላክ ደግሞ በሐዘኑ ላይ የ20 በመቶ ቅጣት መጨመር ይሆናል።

እናቲቱ ግሪን ካርድ አግኝታ ሲልቨር ስፕሪንግ ከልጇ ጋር ስትኖር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ልጇ ከእናቷ ዓመታዊ መተዳደሪያ ከግማሽ በላይ የምትሸፍን ከሆነ የእናቷን መነጽር፣ ጥርስ፣ የመስማት አጋዥ መሣሪያና የስኳር መድኃኒት ሁሉ ከራሷ ሂሳብ መክፈል ትችላለች። እናቲቱ የራሷ ጥቂት ገቢ ቢኖራትና በዚያ ምክንያት በግብር ቅጹ ላይ ጥገኛ ተብላ ባትጻፍ እንኳ ይህ መብት አይቀርም፤ ለኤች ኤስ ኤ ሲባል የገቢው ጣሪያ አይታይምና። ስንቱ ቤተሰብ ወላጆቹን እያስታመመ ይህን ባለማወቅ ግብር የተከፈለበትን ገንዘብ ያወጣል! ግብር የሚሠራላቸውን ሰው በዓመት አንዴ የሚያገኙ ልጆች ይህን አንድ ጥያቄ ይዘው ቢሄዱ ድካማቸው አይባክንም።

ከዚህ በተቃራኒ ያለው ወጥመድ ትልልቅ ልጆች ላይ ነው። የአሜሪካ ሕግ ልጅ 26 ዓመት እስኪሞላው በወላጁ ኢንሹራንስ እንዲቆይ ይፈቅዳል። ስለዚህ ብዙ ወላጅ የ24 ዓመት ልጁ ሥራ ይዞ ራሱን ችሎ ሳለ የልጁን የሐኪም ሂሳብ ከኤች ኤስ ኤ ይከፍላል። ልጁ በግብር ጥገኛ ካልሆነ ይህ ስህተት ነው። መፍትሔው ግን ከችግሩ ይሻላል፦ በቤተሰቡ ከፍተኛ ዲዳክቲብል ኢንሹራንስ ውስጥ ያለ ራሱን የቻለ ልጅ የራሱን ኤች ኤስ ኤ ከፍቶ እስከ ቤተሰብ ጣሪያው ድረስ፣ በ2026 ማለት እስከ 8,750 ዶላር፣ ማስገባት ይችላል። ወላጁም በልጁ ስም ቢያስገባለት ሕጉ አይከለክልም።

የሂሳቡ ባለቤት ራሱ አገር ቤት ሄዶ ቢታከምስ? ሕክምናው በአሜሪካም ሕጋዊ ከሆነ ቦታው አይታይም። አዲስ አበባ ለእረፍት የሄደ ሰው ጥርሱን ቢያሠራ የክሊኒኩ ክፍያ በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ዶላር ተቀይሮ ከሂሳቡ ሊተካ ይችላል። የአውሮፕላን ትኬቱ ግን አይተካም፤ የሄደው ዘመድ ሊጠይቅ ነው፣ ወይም በራሱ ምርጫ ከቅርቡ ሐኪም ይልቅ የሩቁን መርጦ ነው። እዚያ ታዝዞ እዚያው የተወሰደ መድኃኒትም በሁለቱም አገር ሕጋዊ እስከሆነ ያልፋል። በሻንጣ ይዞት የተመለሰው ወይም በሰው ያስላከው መድኃኒት ግን አይያዝም። ደረሰኙ ላይ የታካሚው ስም፣ ቀኑ፣ የተሰጠው ሕክምናና ዋጋው ተለይቶ እንዲጻፍ ክሊኒኩን መጠየቅ ነው፤ “ልዩ ልዩ” የሚል ደረሰኝ ማንንም አያሳምንም።

የኢንሹራንሱ ወርሃዊ ክፍያ፣ አረቦኑ፣ በመርህ ደረጃ ከኤች ኤስ ኤ አይከፈልም። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ግን አሉ፦ ከሥራ ለተሰናበተና የድሮ መሥሪያ ቤቱን ኢንሹራንስ በኮብራ ለቀጠለ፣ የሥራ አጥ ክፍያ እየተቀበለ ላለ፣ ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስ እንደ ዕድሜው በተወሰነ ጣሪያ፣ እንዲሁም 65 ዓመት ለሞላው የሜዲኬር አረቦን ይፈቀዳል። ሜዲጋፕ የተባለው ማሟያ ግን ከዚህ አልገባም።

ከጥር 2026 ወዲህ የገባው ለውጥ በተለይ የራሳቸውን ኢንሹራንስ መንግሥት ካቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ ለሚገዙ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲና ኡበር ለሚነዱ ወገኖች ይጠቅማል። በሐምሌ 2025 የተፈረመው ሕግ በገበያው ላይ ያሉትን ብሮንዝ የተባሉትን ኢንሹራንሶች በሙሉ ለኤች ኤስ ኤ ብቁ አድርጓል። ለአንድ ቤተሰብ ሐኪም በየወሩ ቁርጥ ክፍያ የሚከፈልበት አገልግሎትም ለግለሰብ እስከ 150 ዶላር፣ ከአንድ ሰው በላይ ለሚሸፍን እስከ 300 ዶላር ከሂሳቡ እንዲወጣ ፈቅዷል። በካሊፎርኒያና በኒው ጀርሲ የሚኖር ሰው ግን ግዛቶቹ ለኤች ኤስ ኤ የግብር እፎይታ ስለማይሰጡ የፌደራሉን ጥቅም ብቻ እንደሚያገኝ ማወቅ አለበት።

ጊዜውን በሚመለከት ሕጉ በአንድ በኩል ጥብቅ፣ በሌላ በኩል አስገራሚ ልቅ ነው። ጥብቁ፦ ሕክምናው የተደረገው ሂሳቡ ከተከፈተ በኋላ መሆን አለበት። ሂሳቡን በመጋቢት የከፈተ ሰው በየካቲት ያሠራውን ጥርስ መተካት አይችልም፤ ዱቤው ገና ያልተከፈለ ቢሆንም። በሥራ መጀመሪያ ሰሞን ሂሳቡን ከፍቶ ጥቂት ዶላር ማስገባት የሚመከረውም ለዚህ ነው። ልቁ ደግሞ፦ ገንዘቡን ለመተካት የጊዜ ገደብ የለም። በ2019 ከኪስ የተከፈለ የመነጽር ሂሳብ፣ ሂሳቡ ያኔ ተከፍቶ ከነበረና ደረሰኙ ካለ፣ በ2035 ያለ ግብር ሊወጣ ይችላል። አቅም ያላቸው ሰዎች ገንዘቡን እዚያው ኢንቨስት አድርገው እያሳደጉ የሐኪም ሂሳብን ከኪሳቸው ይከፍላሉ፤ ደረሰኙን ይሰበስባሉ፤ የቤት ግዢ ወይም የልጅ ኮሌጅ ሲመጣ ያንን የተጠራቀመ ደረሰኝ ይተካሉ።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በወረቀት ነው። ባለቤቱ ማሳየት ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ ወጪው ሕክምና መሆኑን፣ ሌላ ኢንሹራንስ እንዳልተካው፣ በየትኛውም ዓመት የግብር ቅጽ ላይም ተቀናሽ ሆኖ እንዳልተጻፈ። የፋርማሲ ደረሰኝ ቀለሙ በወራት ውስጥ ስለሚጠፋ በተሰጠበት ዕለት በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ከኢንሹራንሱ የሚላከውን የክፍያ ማብራሪያ ደብዳቤ ከእሱ ጋር ማስቀመጥ፣ የሐኪም ደብዳቤ ካለ አብሮ መያዝ ይበቃል። በስህተት የማይገባ ወጪ የከፈለ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። ለምሳሌ ሆስፒታሉ ኋላ ላይ ገንዘቡን ከመለሰ ወይም ባለሂሳቡ በቅን ልቦና ከተሳሳተ፣ ስህተቱን ባወቀበት ዓመት ማግሥት እስከ ሚያዝያ 15 ድረስ ገንዘቡን ወደ ሂሳቡ መመለስ ይቻላል፤ ባንኩ እንዲህ ያለ ተመላሽ ይቀበል እንደሆነ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ሂሳቡን ሲከፍቱ አልፈውት የሚሄዱት አንድ መስመር አለ፦ ወራሽ። ባለቤቱ ሲሞት ሂሳቡ ለትዳር ጓደኛ ከተላለፈ እንደ ራሷ ወይም እንደ ራሱ ኤች ኤስ ኤ ሆኖ ይቀጥላል፤ ግብር የለበትም። ለልጅ፣ ለወንድም ወይም ለሌላ ሰው ከተላለፈ ግን ሂሳቡ ያን ዕለት ኤች ኤስ ኤ መሆኑ ያበቃል፤ ያለው ገንዘብ በሙሉ የወራሹ ገቢ ሆኖ ግብር ይጣልበታል። የቀብርና አስከሬን ወደ አገር የመላክ ወጪ በሕክምና አይቆጠርም፤ ለዚያ እድሩ አለ። ሟቹ ሳይከፍለው የተወውን የሆስፒታል ዕዳ ግን ወራሹ በአንድ ዓመት ውስጥ ከከፈለ፣ የከፈለው ያህል ከሚቀረጠው ገንዘብ ላይ ይቀነስለታል።